ሲኤንሲ ማሽኔ በሥራ መሃል ከላፕቶፑ ጋር ይቋረጣል፤ ፈርምዌር ልቀይርለት?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ እንጨት ቤት አለኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እንሠራለን፤ ከቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ አትሮንስና የበር መስቀል እንቀርጻለን። እዚህ መድረክ ላይ በጥያቄዬ ሥር የተከታተለው የመልስ ክር 30 ምናምን መልስ ደርሷል፤ አዲስ የሚመጣው ሰው ሁሉ መሃሉን ዘሎ መጨረሻው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ የሆነውን በየመልሱ ቁጥር ልንገራችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ስድቡንም ትቼዋለሁ፤ ብዙ አልነበረም ግን ነበር።

መነሻ ጥያቄዬ

ማሽኑ ሲኤንሲ ነው፤ በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት የሚቆርጥና የሚቀርጽ። ሁለተኛ እጅ ነው። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኜ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ሲደርስ አንድ ሞተሩ ላልቶ ነበር። አጥብቀን አስነሣነው። ልቡ አርዱዊኖ ኡኖ የሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ኦሪጂናሉ ሳይሆን ቅጂው፣ ከዩኤስቢ ጋር የሚያነጋግረው ቺፕ ሲኤች340 የሆነው። ላዩ ላይ የሞተሮቹ ሽቦ የሚሰካበት ሌላ ቦርድ፣ የሲኤንሲ ሺልድ የሚባለው፣ ተደርቦበታል። ውስጡ የተጫነው ፈርምዌር፣ ማለትም ቦርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ግርብል ይባላል። ማሽኑ ራሱ ፋይል አይዝም፤ ላፕቶፑ ነው በዩኤስቢ ኬብል ትእዛዙን መስመር በመስመር የሚያጎርሰው። ግንኙነቱ ለአንዲት ሰከንድ ከጠፋ ያ ሥራ አለቀለት።

የኔም ችግር ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን 3 ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይል ይሠራል። አንዳንድ ቀን ገና በ10 ደቂቃው ላፕቶፑ ቲን ይላል፤ ያቺ ዩኤስቢ ሲነቀል የምትሰማዋ ድምፅ። ፖርቱ፣ ማለትም ቦርዱ የተሰካበት መገናኛ፣ ከስክሪኑ ይጠፋል። ማሽኑ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ስፒንድሉ፣ መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር፣ ግን በራሱ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) ስለሚሠራ መዞሩን አይተውም። መቁረጫው አንድ ቦታ ቆሞ እየዞረ ዋንዛውን ያሳርረዋል። ጭሱ ሲሸተኝ ነው ከደጅ የምሮጠው። የዋንዛን ዋጋ ደግሞ ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ ፈርምዌሩ አሮጌ ስለሆነ ይሆን? ልቀይረው?

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሱልኝ ከባሕር ዳር የሚጽፉ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ስለሆኑ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጄ ብለው ጀመሩና ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ። ስትገናኝ መጀመሪያ የሚወጣው መስመር የስንተኛ ቁጥር ግርብል ነኝ ይላል? ኬብሉ ስንት ሜትር ነው? ከስፒንድሉ ኬብል ጋር አንድ ላይ ታስሯል? ቤትህ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) አለው? የሚቋረጠው መቼ መቼ ነው? መጨረሻ ላይ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ሁለት የዶላር ምልክት ($$) ጻፍና ኢንተር በል፤ የሚወጣውን የማሽኑን የቅንብር ቁጥሮች ዝርዝር በስልክህ ፎቶ አንሣው አሉኝ።

ለአራቱ ጥያቄ መለስኩ። ግርብል 0.8 ነው፣ ኬብሉ 3 ሜትር ነው፣ አዎ ከስፒንድሉ ኬብል ጋር በላስቲክ ታስሯል፣ ኧርዝ ስለሚሉት አላውቅም። አምስተኛውን ዘለልኩት። ፎቶውንም አላነሣሁም። የልጄን ፎቶ በቀን 20 ጊዜ የማነሣ ሰውዬ ያቺን አንዲት ፎቶ ለማንሣት ሰነፍኩ።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው መላሽ ጥያቄ የለውም። 0.8 የጥንት ነው፣ አሁን 1.1 አለ፣ ጫንና ገላገል በል ባይ ነው። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ስንት ቦርድ እንዳዳነ ዘረዘረ። በራስ መተማመኑ ደስ ይላል፤ ምናልባት እሱ ነው የሳበኝ። ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ያደክማል፣ አድርግ የሚል ሰው ያሳርፋል። ሦስተኛው እኔም እንደዛው ነኝ፣ መፍትሔ ከተገኘ ንገሩኝ ብሎ ጠፋ።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው ኬብሉ ስልክ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ነው ብሎ ደመደመ። ነገሩ በራሱ እውነት ነው። ውስጣቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸው ኬብሎች አሉ፤ ኃይል ይሰጣሉ፣ ወሬ አያሳልፉም። ግን 5ኛው ላይ እኔው እንደጻፍኩት የኡኖ ሶኬት ያ አራት ማዕዘኑ፣ የፕሪንተሩ ዓይነት ነው። የስልክ ኬብል አይገባበትም። ደግሞም ዳታ የማያሳልፍ ቢሆን ኖሮ 3 ሰዓት ሙሉ እንዴት ይሠራልኝ ነበር? ሰውየው ተቀየመ። ከዚያ በኋላ አንዴም አልጻፈም። ትንሽ ረገጥ አድርጌ መልሼ ከሆነ ይቅርታ ወንድሜ።

መልስ 6

ይቺን እወዳታለሁ። ቡሬ ላይ ጥልፍ ቤት ያላት እህታችን ናት። የእንጨት ማሽን ነክታ አታውቅም፤ የሷ ኮምፒውተር የተገጠመለት ጥልፍ ማሽን ነው። አዲስ ፈርምዌር በፍላሽ ስትጭን፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግማሹን ሲያልፍ መብራት ጥርግ አለ። ሲመጣ ማሽኑ አርማውን ብቻ እያሳየ ቀረ። አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ የሙሽራ ቀሚስ ትእዛዝ ተሰርዞባታል። አሁን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ሳትሰካ እንኳን ፈርምዌር ሰዓቱንም አትቀይርም። ምክሯ ቀላል ነበር፦ የሚሠራ ማሽን ከሆነ ለምን ትነካዋለህ?

መልስ 7፣ 8፣ 9፣ 10

ሰባተኛው የሷን ታሪክ ይዞ የኔም ቦርድ መሃል ላይ መብራት ከሄደበት ድንጋይ ይሆናል ብሎ አስፈራራኝ። ስምንተኛው አንድ የእንጅባራ ተማሪ ነው፤ በጨዋ ደንብ አረመው። በኡኖ ላይ ፈርምዌሩን የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ቡትሎደር የሚባለው፣ ለብቻው በተከለለ ቦታ ተቀምጧል። መሃል ላይ ቢቋረጥ እሱ ስለማይነካ እንደገና ከሀ መጀመር ብቻ ነው። ቡትሎደሩ ራሱ ከጠፋም ሌላ አርዱዊኖን እንደ መጫኛ ተጠቅሞ መመለስ ይቻላል። የጥልፍ ማሽኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው አለ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አሠራር አለው። 9ኛውና 10ኛው ስለ ጄኔሬተር ዋጋ ተከራከሩ። እለፏቸው።

ያቺ ሌሊት

ማታ 3 ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ጀመርኩ። መብራት አለ። የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቷል። ፋይሉን አወረድኩ። ጫን የምትለዋን ነካሁ። መጫኛው ከቦርዱ ጋር መግባባት አልቻልኩም እያለ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አሥር። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው። ወደ መድረኩ ሮጥኩ።

መልስ 11 በ5 ደቂቃ ውስጥ መጣ። ማሽኑን የምታዝበት ፕሮግራም ክፍት ነው ወይ? ክፍት ነው። አንድን ፖርት ሁለት ፕሮግራም በአንዴ መያዝ አይችልም፤ ያኛው አንቆ ይዞታል። ዘጋሁት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተጭኖ አለቀ። ሠራተኞቹ ቢኖሩ እልል እንዲሉ አደርግ ነበር።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን ከፍቼ ልገናኝ ስል ስክሪኑ በሳጥንና በጥያቄ ምልክት ተሞላ። ፊደል የለ፣ ቁጥር የለ። ላቤ ወረደ። አቃጠልኩት ብዬ ጻፍኩ። መልስ 12 የእንጅባራው ልጅ ነው፦ ግርብል 0.8 የሚናገረው በ9600 ፍጥነት ነው፣ 1.1 ደግሞ በ115200። ላፕቶፑ አሁንም በድሮው ፍጥነት ነው የሚያዳምጠው፤ ቦርዱ ይለፈልፋል፣ ላፕቶፑ አይሰማውም። ቁጥሩን ቀይር። ቀየርኩ። ግርብል 1.1 ነኝ የሚለው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። እንቅልፌም ጥሩ ነበር።

መልስ 13፣ 14

በነጋታው የበር መስቀል ነበረብኝ። ቁመቱ 64 ሳንቲም። ማሽኑ እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ በፊት እንዲህ አልነበረም። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። መሃል ላይ አልተቋረጠም። ሲጨርስ አየሁት፣ ሐረጉ፣ ጉልላቱ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ግን ሰሌዳው ላይ ዙሪያውን ባዶ ቦታ ተርፏል። ሜትር ዘረጋሁበት። 50 ሳንቲም።

ፎቶውን ከነሜትሩ ለጠፍኩት። ወሩ ዓቢይ ጾም ነበርና 13ኛው መላሽ መስቀሉም ጾመ እንዴ፣ እንዴት ከሳ ብሎ ቀለደ። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የሚደውል ሁሉ መስቀሉ እንዴት ነው፣ ወፈረ ወይ ይለኝ ነበር።

14ኛው ደብረ ማርቆስ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። ማሽን የለውም። እንደው ሲያነብ ቁጥሩ ስላጓጓው ነው የጻፈው። ፈርምዌሩ ሲቀየር ቦርዱ ያስታወሰው ነገር ሁሉ ወደ መነሻው ተመልሷል አለ። የግርብል መነሻ ቁጥር ለአንድ ሚሊሜትር 250 የሞተር እርምጃ ነው። 64 ጠይቀህ 50 ከወጣ የድሮው ቁጥርህ 250 ሲባዛ በ64 ሲካፈል ለ50 ነው። 320። አክሎም ራስህ አረጋግጥ አለኝ፦ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ይሄዳል፣ ሞተሩን የሚያዘው ድራይቨር እያንዳንዷን በ8 ከከፈላት 1600 ይሆናል፣ ሞተሩ የሚያዞረው ረጅሙ ብሎን በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ 1600 ለ5፣ 320።

ማሽኑን አጥፍቼ ሄድኩ። ብሎኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። በእጄ አንድ ዙር አዞርኩት። በካሊፐር ለካሁ። ድፍን 5 ሚሊሜትር። ያበላሸሁት እንጨት የጠፋብኝን ቁጥር ራሱ ይዞልኝ ነበር ማለት ነው። ይሄን ነገር እስካሁን ለሰው ሳወራ አልጠግብም። መምህር፣ አንድ ቀን ማርቆስ መጥቼ ማክያቶ እጋብዝሃለሁ።

መልስ 15፣ 16

እዚህ ላይ ክሩ ተካረረ። ሁለተኛው መላሽ፣ ጫን ያለኝ ሰውዬ፣ 15ኛ ላይ ተመልሶ መጣና ከቅንብሮቹ $0 በሚለው ላይ 320 ጻፍ፣ አለቀ አለ። ጋሼ 16ኛ ላይ እንደዚያ ተቆጥተው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም። በ0.8 $0 ማለት የኤክስ፣ ግራ ቀኝ የሚሄደው፣ እርምጃ ነበር። በ1.1 ግን $0 ለሞተሩ የምትላከው የምት ርዝመት ነች፣ በማይክሮ ሰከንድ፣ መነሻዋም 10 ነች። እርምጃዎቹ ወደ $100፣ $101 እና $102 ተዛውረዋል። የድሮውን ቁጥር አዲሱ ላይ እንደወረደ መጻፍ የሰው ማሽን ማበላሸት ነው አሉ። ሰውየው በችኮላ ነው የጻፍኩት አለ። ጋሼም እንጨቱ ያንተ ስላልሆነ ነው የቸኮልከው አሉት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰላምታም አልተሰጣጡም።

እኔ በመሃል ዝም አልኩ። ልጽፈው ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

መልስ 17፣ 18

ላይ ታች የሚለው ዜድ ብሎኑ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ በ320 አትመነው ብሎ የጻፈልኝ አለ። ልክ ነበር። 10 ሚሊሜትር ውረድ ብዬ አዘዝኩት፣ 6.25 ብቻ ወረደ። በመምህሩ ሒሳብ ሠራሁት፣ 400 መጣ። የኤሊው ነገርም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የ1.1 መነሻ ፍጥነት በደቂቃ 500 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ $110 እና ተከታዮቹ ላይ ይስተካከላል። 18ኛው ደግሞ የድሮ ሺልድ ያላችሁ ተጠንቀቁ አለ። ከ0.8 በኋላ የዜድ መቆሚያ ስዊች ከ11ኛው ፒን ወደ 12ኛው ሄዷል፣ ስፒንድሉ ደግሞ ወደ 11ኛው መጥቷል፤ ሺልዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ግን የድሮው ነው። የኔም የድሮው ነበር። ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ።

ከ19 እስከ 23

እዚህ ነገሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ግርብል የቻይና ሥራ ነው አለ። ሌላው አይደለም፣ በፈረንጆች 2009 አንድ ኖርዌያዊ የጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ነው ብሎ አረመው። ከዚያ ስለ ተማሩ ሰዎች ወሬ ተነሣ። ጋሼ በ1955 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ልጅ መሆናቸውን ያወቅነው ያኔ ነው። ቀጥሎ አንዱ ደብረ ማርቆስን መንቆረር ብሎ ጠራት። ስሙ እኮ ድሮ ቀረ፣ አልቀረም በሚል 3 መልስ አለቀ። ከዋንዛና ከጥድ የቱ ለበር ይሻላል የሚልም ነበር። ዋንዛ ነዋ።

መልስ 24

መጥፎውን ዜና የነገርኳቸው እዚህ ላይ ነው። ፈርምዌሩ አዲስ፣ ቁጥሩ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ማሽኑ በድሮ ፍጥነቱ እየሮጠ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቲን። እንደገና ቲን። የድሮው በሽታ እንደነበረ አለ። ሌሊት ሙሉ የለፋሁት፣ አንድ ሰሌዳ ዋንዛ የበላሁት፣ የተጠየቀውን ነገር ሳይነካ ቀረ።

መልስ 25፣ 26

25ኛው የሊኑክስ ሰው ነው። ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ለዓይነ ስውራን በጣት ለሚነበብ ስክሪን የተሠራ ብርልቲቲ የሚባል ፕሮግራም ሲኤች340ን የራሱ ዕቃ መስሎት ይነጥቃል፤ አጥፋው አለ። ጠቃሚ ነገር ነው፣ ለሚመለከተው። የኔ ግን ዊንዶውስ ነው። ደግሞ ያ ከነአካቴው አያገናኝም እንጂ መሃል ላይ አያቋርጥም።

26ኛው ላይ ጋሼ ተመለሱ። ያልመለስክልኝ አንድ ጥያቄ አለ አሉ፦ መቼ መቼ ነው? ከዛሬ ጀምሮ በተቋረጠ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ። ሌላ ምንም አትንካ። ይህን አትንካ የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፉት።

በዚህ ጊዜ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ቁራጭ ኮምፖርሳቶ ቸነከርኩ፣ እርሳስ በገመድ አንጠለጠልኩ። ሁለት ሳምንት። ቅዳሜ 3፡40። ቅዳሜ 5፡10። ማክሰኞ 4፡15። ማክሰኞ 4፡50። ሐሙስ 2፡30። ቅዳሜ 3፡05፣ 3፡20፣ 6፡00። ሰኞ ምንም። ረቡዕ ምንም። ፎቶውን ለጠፍኩ። ለማየት ለማየት እኔም አይቼዋለሁ፤ ምንም አልታየኝም።

መልስ 27

የቡሬዋ እህት ናት። ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያችሁ ነው እንዴ? አጠገብህ ምን አለ? ይህን ብቻ ነው የጠየቀችው።

ገበያችን ነው። አጠገቤ ደግሞ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ወፍጮ ቤት ነው።

ስምንት ዓመት አብረን ኖረናል። የወፍጮው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ከመኖሩ የተነሣ አልሰማውም። እሷ ያወቀችው አጠገቧ ብየዳ ቤት ስለነበረ ነው፤ በያጁ በጀመረ ቁጥር የሷ ማሽን መርፌ ይዘላል። ሐሙስስ? ሐሙስ ገበያ አይደለም። የወፍጮውን ባለቤት አያ እላቸዋለሁ፣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። አስበው አስበው፣ ያን ቀን ጠዋት ለተዝካር ጤፍ ያስፈጩ ቤተሰቦች ነበሩ አሉኝ። ስንት ኩንታል እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ ከፊቴ፣ ጆሮዬ ወደ ግድግዳው። ወፍጮው እየሠራ ሳለ ምንም የለም። እህል ሲያልቅ አጠፉት፣ ዝም አለ። ቀጣዩ ጆንያ ተገለበጠ። ሞተሩ ኡኡኡ ብሎ ሲነሣ አምፖሌ ደብዘዝ አለ። ቲን።

መልስ 28፣ 29

ጋሼ ምክንያቱን አስረዱ። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ የሚሆን ከረንት ይስባል። መስመሩ ይወርዳል፣ ማብሪያው ሲገጥምና ሲለቅ ደግሞ ስለታም ጫና ይለቃል። ያንተ ማሽን አካል፣ ኢንቨርተሩ፣ ቦርዱ፣ ላፕቶፑና ቻርጀሩ በዩኤስቢ ኬብሉ አንድ ላይ ተሳስረዋል። ወደ መሬት የሚወርድበት ኧርዝ ካጣ ያ ሁከት በቀጭኑ የዩኤስቢ ሽቦ በኩል ያልፋል። ላፕቶፑ ይደነግጥና ፖርቱን ይዘጋዋል። ፈርምዌሩ እዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም፣ በገበያ ቀን ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ሥራ አሉኝ።

ሠራሁ። ማክሰኞ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ። የላፕቶፔ ባትሪ ግን ከ2 ሰዓት አያልፍም፤ አንድ በር 3 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይሆን ምርመራው ነው።

መልስ 30፣ 31

ሁለተኛው መላሽ መጣ። የተሻለው ፈርምዌሩን ስለቀየርክ ነው ብሎ ድርቅ አለ። 31ኛው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀኖቹን አንብበህ ነው ወይስ ሳታነብ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ትቼዋለሁ ያልኳችሁ። ላንተም ፍትሐዊ ልሁን ወንድሜ፦ 1.1 ከድሮው ይሻላል፣ አሁን ወደ 0.8 መልሰኝ አልልም። የጠየቅሁት ግን ሌላ ነበር።

መልስ 32

የኤሌክትሪክ ሰው አስመጣሁ። ሶኬቱን ፈታው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት፣ ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ። የኧርዙ መያዣ ባዶውን፣ ንጹሕ፣ ብሎኑ እንኳን ተነክቶ አያውቅም። ቤቱን ስከራይ እንዲህ ነበር ማለት ነው። ከጓሮ፣ ውኃ የሚደፋበት እርጥብ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን፣ የመዳብ ዘንግ ቀበርን፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው አደረግን። ይህን ስጽፍ የእንጅባራው ልጅ ከሰሉ ከፋግታ ለኮማ ካልሆነ አይሠራም ብሎ ቀለደ፤ አካባቢው ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ በሚሠራ ከሰል ስለሚታወቅ ነው። የዩኤስቢውን ኬብል ከስፒንድሉ ለይቼ በሌላ ጎን አሳለፍኩ። 3 ሜትሩን ጥዬ 1 ሜትር ተኩል፣ ጫፉ ላይ ያ ጥቁር እብጠት ያለበትን ገዛሁ። ፌራይት ይባላል፣ ሁከትን ይውጣል።

ይሄ ከሆነ 5 ሳምንቱ። ኮምፖርሳቶው ላይ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ የለም። እርሳሱን ልጄ ወሰደችው።

መልስ 33፣ 34

33ኛው ኡኖውን ትተህ ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ያለበት ቦርድ ግዛ፣ ፍሉይድኤንሲ የሚባል ፈርምዌር ጫንበት፣ ፋይሉን ከሜሞሪ ካርድ ስለሚያነብ ላፕቶፕ አያስፈልግህም አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ገንዘብ ሲገኝ አደርገዋለሁ። ያኔ ግን መጀመሪያ ፎቶ ነው የማነሣው። 34ኛው ትናንት ማታ መጣ። ምንም አላነበበም። ፈርምዌር ቀይር ይላል።

ያቺ 50 ሳንቲም መስቀል ጥግ ላይ ቆማ ነበር። አያ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አዩዋት፣ ምን ልታደርጋት ነው አሉኝ። ወፍጮዎ ነው ያሳጠራት፣ ይውሰዷት አልኩ። ያጠረችው በራሴ ስንፍና እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰቅለዋታል። ቡናማው ዋንዛ በሳምንቱ በዱቄት ነጭ ሆኗል።